ክረምት ያየ ጣሪያ

መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ከሚባለው የሣር አምባ ሥር፣ በአንድ ተረተር ላይ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንዱ የአንዲት ባልቴት ነው፤ ሁለተኛው የዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም። የሁለቱም ግድግዳ የድንጋይ ካብ፣ የሁለቱም ክዳን የጓሳ ሣር። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በኅዳር ውርጭ ይጥላል፣ በሐምሌ በረዶ ይወርዳል፣ በጥር ደግሞ ከአፋር ቆላ ወገን የሚመጣው ነፋስ ገደሉን ወጥቶ ተረተሩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይገርፋል። እንዲህ ባለ አገር ቤት ማለት ክዳን ነው፤ ግድግዳውማ ድንጋይ ነው፣ የትም አይሄድም።

የጓሳ ሣር ደህና ከዳኝ ካገኘ ዝናቡንም ብርዱንም ይችላል። ችግሩ ሣሩም ከዳኙም እየጠፉ መምጣታቸው ነው። ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ ዘመን ጀምሮ አምባው ባለቤት ነበረው፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ከቀኑ በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ እስከዚያ ግን ሣሩ ብዙ ተጎድቶ ነበር። የባልቴቷን ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የከደኑት ሽማግሌም መሰላል መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል።

ክዳኑ በሰበሰ፤ በሁለቱም ቤት። እሷ ልጇ ከዐረብ አገር የላከችላትን ገንዘብ ይዛለች፤ ዋርሳዋ በሬ ሸጧል። ሁለቱም በዚያው ዓመት ቆርቆሮ ለማልበስ ቆረጡ፤ ባሕር ዛፉንም በየካቲት አብረው አስቆረጡ።

መጀመሪያ የመጣው አናጢ ከከተማ በሞተር ሳይክል ነበር። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የሠራቸውን ጣሪያዎች እያገላበጠ አሳየ፤ ሁሉም ያብለጨልጫሉ። ቆርቆሮውን ራሱ ገዝቶ እንደሚያመጣ፣ ሥራውን በአራት ቀን እንደሚጨርስ፣ ግማሹን በቀብድ እንደሚቀበል ነገራቸው። ዋጋው የሚያስጎመጅ ነው። ዋርሳ እጁን ዘረጋ፤ ተጨባበጡ፤ አለቀ።

«እትዬ፣ አንቺስ?» አላት።

ባልቴቷ ወደ ወጣቱ ዞረች። «ልጄ፣ ክረምት ያየ ጣሪያህን አሳየኝ።»

«ይኸው እማማ፣ ይህን ባለፈው ወር ነው የጨረስኩት።»

«ይኼማ ገና ሙሽራ ነው። ሙሽራን ማን ያማል? ሦስት አራት ክረምት ያለፈበት የለህም?»

ወጣቱ ሳቀ። እንዲህ ያሉት ሩቅ አገር እንደሆኑ፣ በዚህ አካባቢ መሥራት ከጀመረ ገና እንደሆነ አስረዳት። እውነቱን ይሆናል። እሷም አልተቆጣችም፤ ቡና አጠጥታ ሸኘችው።

ሁለተኛውን ያገኘችው ከገደሉ ማዶ ካለው አጥቢያ ነው። አጭር፣ ዝምተኛ ሰው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። ምንም ሳይመልስ ዱላውን አንሥቶ መንገድ ጀመረ፤ ተከተለችው። ወንዙን ተሻግረው አንድ ግቢ ገቡ። ጣሪያው ደብዝዟል፤ በአንደኛው ማዕዘን ላይ ደግሞ ቀለሙ ከሌላው የተለየ አንድ ቆርቆሮ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ባለቤቱን።

«በሁለተኛው ክረምት በዚያ በኩል አፈሰሰብን።»

«ታዲያስ?»

«ልጅ ላክሁበት። በማግሥቱ መጣ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር።»

«አስከፈለህ?»

«የቆርቆሮውን ዋጋ እንጂ የእጁን አልጠየቀኝም።»

አናጢው ይህን ሁሉ የሰማ አይመስልም። ቀና ብሎ ሚስማሮቹን አንድ ባንድ እየቃኘ ነበር፤ አንዱ ላላ ብሎ ኖሮ፣ መሰላል አስጠይቆ ወጣና መታው። ባልቴቷ ወደ ቤቷ ስትመለስ ልቧ ቆርጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው አስቸገራት። የጥር ነፋስ ከየት በኩል ነው የሚመታሽ? እሳቱ የሚነድደው የት ጋ ነው? እንጨቱ መቼ ተቆረጠ? የካቲት አለችው። «እንግዲያው እስከ ግንቦት ይቆይ» አለ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተመታ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩንም ይለቃል። ወራጁንና ማገሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ እያራራቀ ከጥላ ሥር ደረደረው። ቀብድ ብሎ የወሰደው ጥቂት ነው። ቆርቆሮውንም «አብረን ሄደን እንግዛ» አላት። ሱቅ ደርሰው ባለሱቁ ባለ 35 ጌጁን ሲያወጣላቸው አናጢው በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ሰረጎደ። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ለዓይን ግን ሁሉም እኩል ያብለጨልጫል። ባለ 32ቱን አስመረጣት፤ ልጇ የላከችው ገንዘብ በእሱ አለቀ ማለት ይቻላል።

ዋርሳ በአራተኛው ቀን አዲስ ጣሪያ ሥር አደረ። የተረተሩ ሰው ሁሉ መርቆ በላ፣ ጠጣ። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ በባልቴቷ ቤት ያ አሮጌ ሣር በአምስት ቦታ አፈሰሰ፤ ጎረቤት ማሰሮና ገበቴ አበደራት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚያሽሟጥጧት አልጠፉም።

ግንቦት ላይ ሥራው ተጀመረ። ጥድፊያ የለም። አናጢው እያንዳንዱን ወራጅ በወፍራም ሽቦ አሰረ፤ ሽቦውን በካቡ ውስጥ አሳልፎ ከትልልቅ ድንጋዮች ጋር ጠመዘዘው። ነፋስ ጣሪያ የሚነቅለው ከላይ ተጭኖ አይደለም፣ ከከፈፉ ሥር ገብቶ ወደ ላይ አንሥቶ ነው፤ ስለዚህ በከፈፉና በጫፎቹ በኩል ማገሩን አቀራረበ። ቆርቆሮውን ማልበስ የጀመረው ነፋሱ ከሚመጣበት ጫፍ ሳይሆን ከተቃራኒው ነው፤ እንዲያ ሲሆን ተከታዩ ቆርቆሮ ሁልጊዜ የቀደመውን በነፋሱ በኩል ይጋርደዋል፤ የድርቡ አፍ ለነፋስ አይከፈትም። ላይና ታች ሲገናኙ ከስንዝር በላይ ደረበ። ሚስማሩን ጎማ እያጠለቀ በቆርቆሮው ከፍታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አልመታም። ይህን ሁሉ ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው የለም፤ ሥራው ሲያልቅ ሁለቱ ቤቶች መንታ መሰሉ።

ክረምቱ ገባ። የዋርሳ ቤት አላፈሰሰም።

የባልቴቷ አፈሰሰ። በጣሪያው አናት፣ ሁለቱ ጎኖች በሚጋጠሙበት። ዋርሳ ሊያሾፍ መጣ፤ እሷ ልጅ ወደ ማዶ ላከች። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር አናጢው በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ የአናቱን መክደኛ ቆርቆሮ አነሣ፣ አጠፈው፣ አስረዝሞ መልሶ መታው። ሲወርድ ግን ባልቴቷ ሌላ ስሞታ ነበራት፦ ዝናብ ባልዘነበበት ሌሊት ሳይቀር ንጋት ላይ መደቧ ላይ ይንጠባጠባል። ሰውየው በጣቱ የቆርቆሮውን ሆድ ዳሰሰ። «ይኼ ማፍሰስ አይደለም፣ እማማ፤ ላብ ነው» አለ። የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ሣሩን እያለፈ ይወጣ ነበር፤ ቆርቆሮ አያሳልፍም። በብርድ ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ሆዱ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። በግድግዳውና በክዳኑ መሃል የእጅ መዳፍ የምታህል መተንፈሻ በሁለት ወገን ከፈተላት፤ የማዳበሪያ ጆንያ አሰፍታ እንደ ኮርኒስ እንድትወጥርም መከራት።

ዋርሳም ቤት ያው ላብ ይንጠባጠብ ነበር። እሱ ግን የሚጠይቀው ሰው የለውም። የከተማው አናጢ ስልክ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ይለዋል። ጣሪያው የሚያፈስ መስሎት ራሱ መዶሻ ይዞ ወጣና በጠረጠረው ቦታ ሁሉ ሚስማር ጨመረ፤ ያውም ቦዩ ላይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርግጥ ያፈስ ጀመር።

ክረምቱ አለፈ፣ በጋ ሆነ። በእርጥቡ የተመታው ባሕር ዛፍ ደርቆ ተጣመመ፤ ሌሊት ሌሊት ሚስማሮቹ ሲጮኹ ይሰማል። በጥር አንድ ንጋት ነፋሱ ከገደሉ ወጣ። ሦስት ቆርቆሮ ተነሣ፤ አንዱ አውድማ ላይ ተገኘ፣ ሌላው የባልቴቷን አጥር ደርምሶ ቆመ፣ ሦስተኛው እስካሁን አልተገኘም። ዋርሳ ጋቢውን ተከናንቦ መጣ።

«እትዬ፣ ያንን ሰውሽን ጥሪልኝ።»

ጠራችለት። አናጢው ወጥቶ አየና ጣሪያው ከነእንጨቱ መውረድ እንዳለበት ተናገረ፤ ያ ሁሉ ሚስማር የበሳው ቆርቆሮ ለማድ ቤት እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም። ዋርሳ ሁለተኛውን በሬ ሸጠ።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ብዙ ሰው ሲሰማው «ርካሽ አትግዛ» የሚል ይመስለዋል፤ እኔ እንዲያ አልሰማውም። ዋርሳ ሞኝ አልነበረም። የበሬ ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ እጅ የገባለት ሰው ዋጋ ቢያወዳድር የሚነቀፍ አይደለም፤ ውድ ተከፍሎበት የሚበር ጣሪያም ሞልቷል። የተለያዩት በጠየቁት ጥያቄ ነው። እሱ አዲሱን ጣሪያ አየ፤ እሷ አሮጌውን፣ ያውም የተለጠፈበትን። ከሥራው በላይ ያስመረጣት ያ ልጣፊ ነው። «የእኔ ጣሪያ አፍስሶ አያውቅም» የሚል አናጢ ሲገጥመኝ፣ ወይ ጥቂት ነው የሠራው ወይ ተመልሶ አላየም እላለሁ። ጣሪያ ባስረከቡበት ቀን ሁሉም ደህና ነው። ስለዚህ የምትቀጥሩት ሰው በሐምሌ ጭቃ ሊመጣ የሚችል፣ ሊመጣም የሚወድ መሆን አለበት፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ የድሮ ደንበኞቹ ናቸው። እነሱን ስታገኙ «ሥራው ጥሩ ነው?» አትበሉ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ጥሩ ነው ይሏችኋል። «ሲበላሽ ስትጠሩት በስንተኛው ቀን መጣ?» በሉ።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእንዲህ ያለው ነገር ዝም አላለም። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። በቁጥር 3039 ደግሞ ቤት የሚሠራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደህንነትና ለሕንጻው ጽናት ዋስ ነው። ዋርሳ ይህን ቢያውቅ እንኳ ስልኩን የዘጋ፣ ውል ያልጻፈ ሰው የት ይከሰዋል? ወረዳው ከተረተሩ ሩቅ ነው፤ ምስክር ይዞ መመላለሱም ሌላ በሬ ይበላል።

እንግዲህ ቆርቆሮ ልታለብሱ ያሰባችሁ፣ በተለይ ልጆቻችሁ ከሰው አገር በላኩት ገንዘብ የምትሠሩ፣ ውሉን በሁለት ምስክር ፊት አስጽፉ፤ አጥቢያችሁ የሚያውቀው ዋስ አስጠሩ፤ ቆርቆሮውን ራሳችሁ ግዙ፤ የእጁን ዋጋ ደግሞ ከአራት አንዱን እስከ መስቀል ያዙት። በዚህ ካልተስማማ ሌላ አናጢ ፈልጉ።