ያደገው ሕፃን ወዴት ሄደ?

የልጅ ልጅን ለማየት መብቃት ታላቅ በረከት መሆኑን ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ፥ ጠቢቡ ሰሎሞንም በምሳሌው ነግረውናል፤ ርእሰ አበው ያዕቆብም በግብፅ ምድር ዓይኖቹ ከእርጅና የተነሣ ፈዝዘው ሳሉ፥ ሞቷል ብሎ ያለቀሰለትን የዮሴፍን ፊት ብቻ ሳይሆን የዮሴፍን ልጆች ኤፍሬምንና ምናሴን ጭምር ለማቀፍ በቅቶ፥ ሊቃውንቱ የመስቀል ምሳሌ ነው ብለው በሚተረጕሙት አኳኋን እጆቹን አመሳቅሎ ባርኳቸዋል። እኔም በዕድሜዬ ማምሻ ከዚህ በረከት ለመካፈል የበቃሁ አያት ነኝ፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ስለ በረከቱ ለማመስገን ብቻ ሳይሆን፥ በረከቱ ራሱ በልቡናዬ ያሳደረውን አንድ ጥያቄ ለመመርመር ነው። ልጅ ባደገ ጊዜ፥ ያ ትናንት በጭናችን ላይ የነበረው ሕፃን ወዴት ሄደ?

እናት ይህን ለመጠየቅ ፋታ የላትም። ማጥባቱ፥ ማጠቡ፥ ትኵሳቱን ሲጠብቁ ማደሩ፥ የዕለት እንጀራውን ማሰቡ ቀኗንም ሌሊቷንም ስለሚወስድባት፥ ልጇ ማደጉን የምታውቀው ጫማው ሲጠበው ነው፤ አያት ግን የኑሮው ሸክም ከትከሻዋ ወርዶላት ተቀምጣ ታያለች። ተቀምጬ ያየሁትም ይህ ነው፦ በአንቀልባ አዝያት እሹሩሩ እያልሁ ያስተኛኋት፥ ውሃን «ቧ» ስትል ከእናቷና ከእኔ በቀር የሚረዳላት ያልነበረ ያች ሕፃን፥ ዛሬ የወለቀ ጥርሷን ከጣራ ላይ ወርውራ፥ ፊደሏን ቈጥራ ጨርሳ፥ ገበታውንም ለታናሽ ወንድሟ አስረክባ፥ «እማማ፥ መነጽርዎን ላምጣልዎ?» እያለች በጠራ አንደበት የምትናገር ልጅ ሆናለች። ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ያችኛዋ የለችም። ሰው ሲሞት ፍትሐት ይደረስለታል፤ በሠልስቱ፥ በአርባው፥ በሙት ዓመቱ መታሰቢያ ይደረግለታል፤ የሦስት ዓመቷ ሕፃን ቦታዋን ለአራት ዓመቷ ለቅቃ ስትሄድ ግን፥ ማንም ሰው ሄደች ብሎ አላሰበምና፥ አንድ ስንኳ የሚያለቅስላት የለም።

ይህን ጥያቄ ከእኔ አስቀድሞ የጠየቀ አለ። የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ በ4ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ላይ መጻፍ በጀመረው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፥ የገዛ ሕፃንነቱ ወዴት እንደ ሄደ እግዚአብሔርን ይጠይቃል፤ ጡት ስለ ጠባበት ዘመን የሚያውቀውም ሌሎች የነገሩትንና ሌሎችን ሕፃናት ተመልክቶ የገመተውን ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። እጅግ ጥልቅ ነገር ነው። ሰው የሕይወቱን መጀመሪያ ራሱ አልያዘውም፤ የሚይዝለት ሌላ ሰው ነው። የልጅ ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ፥ ከውሃው ወጥታ ቅብዐ ሜሮን እስክትቀባ ድረስ ያለቀሰችውን ልቅሶ፥ ማተቧም ባንገቷ ሲታሰር ድንገት ዝም ማለቷን እርስዋ አታውቀውም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ፎቶግራፍ ፊትን ያቆያል፥ ድምፅንና የራስ ቅቤዋን ሽታ ግን አያቆይም። በአገራችንም ልማድ ከልጅ ስም ቀጥሎ የአባቱ፥ ከአባቱም ቀጥሎ የወንድ አያቱ ስም ስለሚጻፍ፥ የሴት አያት ስም በዚያ ሐረግ ውስጥ አይገኝም። ይህን በቅሬታ አላነሣውም፤ ይሁን እንጂ የልጅን የመጀመሪያ ዘመን ከሁሉ ይልቅ ተቀምጣ ያየችው ሴት ቀድማ የምታልፍ፥ ስሟም በወረቀት የማይከተል መሆኑ፥ የያዘችው ሁሉ አብሯት ወደ መቃብር እንዳይወርድ ያሠጋል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ሃይማኖት ይገባል። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው፤ ሊቃውንቶቻችንም በዚህ አንቀጽ ሲያስተምሩ፥ አዳም የ30 ዓመት ጐልማሳ፥ ሔዋንም የ15 ዓመት ቈንጆ ሆነው እንደ ተፈጠሩ ሁሉ፥ ሰው በሕፃንነቱ ቢሞትም በእርጅናው ቢሞትም፥ በመጨረሻይቱ ቀን ወንዱ በ30፥ ሴቲቱም በ15 ዓመት መጠን ይነሣሉ ይላሉ። ይህን ትምህርት በወጣትነቴ ስሰማ ያለ ጥያቄ ተቀብዬው ነበር፤ ጕልበቴ ከደከመ ወዲህማ እጅግ አጽናንቶኛል። አያት ከሆንሁ በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እኔና የልጅ ልጄ በዚያ ቀን እኩዮች ሆነን እንነሣለን ማለት ነው። እርስዋ እኔን ከሽበቴና ከምርኵዜ ጋራ እንጂ በሌላ መልክ አይታኝ አታውቅም፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ የማስበው በጀርባዬ ላይ ያንቀላፋችውን ሕፃን ነው። ታዲያ በዚያ ቀን ጐን ለጐን ከሚቆሙት ከሁለቱ ቈነጃጅት አንዲቱ ሌላዪቱን አዝላ እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? «እማማ» ብላስ የምትጠራው ማንን ነው?

እንዲህ ያለውን ነገር ከንቱ ምርምር ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ሃይማኖት ተስፋ ያደረግነውን እንድናስብ ያስተምረናል እንጂ ዓይናችንን ጨፍነን እንድንጠብቅ አላዘዘንም፤ የወደደም ሰው፥ የወደደው ነገር ይጠበቅ ወይም ይጥፋ ሳይጠይቅ ሊኖር አይቻለውም።

የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፥ «ልጄ፥ ቶማስ የዳሰሰውን አስቢ» አሉኝ፤ በዕድሜ እኔ ብበልጣቸውም እንደ ሥርዓቱ ልጄ ነው የሚሉኝ። ከዚህ በላይ ቃል አልጨመሩም፥ አላስፈለገምም። ጌታችን ከሙታን ተለይቶ በተነሣ ጊዜ ድካምና ሞት ከሥጋው ርቀው፥ ደጁ ተዘግቶ ሳለ ወደ ደቀ መዛሙርቱ ገብቶ በመካከላቸው ሲቆም፥ የችንካሩና የጦሩ ምልክት ግን በእጁና በጐኑ ነበረ። ስለዚህ ትንሣኤ ያለፈውን ሁሉ የሚፍቅ አይደለም። ጠላቶቹ በክፋት ያደረጉበት ነገር በክብሩ ውስጥ ምልክቱ ካልጠፋ፥ እናት በጡቷ፥ አያት በጀርባዋ፥ ሕፃን በሣቁ በፍቅር ያደረጉት ነገር ይጠፋል ብዬ ማመን አይቻለኝም።

ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ የተመላለሰብኝ አንድ ነገር አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ልብ እርሱ ነው። አዳምና ሔዋን ሕፃናት ሆነው አያውቁም። መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚነግረን አዳም በተፈጠረ በ40 ቀን፥ ሔዋንም በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ወንዱን በ40፥ ሴቲቱን በ80 ቀን የምታጠምቀው ይህን አብነት አድርጋ ነው፤ ነገር ግን እነርሱ በገዛ እግራቸው ተራምደው ሲገቡ፥ የእኛ ልጆች በሰው ክንድ ታቅፈው ይገባሉ። አዳም ዳዴ አላለም፤ ቃል አልተኰላተፈበትም፤ ያዘለው፥ ያባበለው፥ ወድቆ ሲነሣ «እሰይ» ያለው ሰው አልነበረም። አዳም አያት አልነበረውም። ምናልባት በዕፀ በለስ አጠገብ በቆመ ጊዜ፥ እባብን እንዳይሰማ ከልጅነቱ ጀምሮ ተረት እየነገረ ያስጠነቀቀው ሽማግሌ ያልነበረው መሆኑን ሳስብ አዝንለታለሁ፤ ይህ የእኔ የአሮጊቷ ሐሳብ እንጂ የሊቃውንት ትርጓሜ አይደለም።

ዳግማዊ አዳም ክርስቶስ ግን ሊያድነን በመጣ ጊዜ እንደ ፊተኛው አዳም የ30 ዓመት ጐልማሳ ሆኖ በድንገት መገለጥ ሲቻለው፥ በድንግል ማኅፀን 9 ወር ከ5 ቀን ተወስኖ፥ በጨርቅ ተጠቅልሎ፥ ጡት ጠብቶ፥ በ40 ቀኑ በሽማግሌው በስምዖን ክንድ ታቅፎ፥ ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈው በጥበብና በቁመት በየጥቂቱ አድጎ፥ በ30 ዓመቱ ወደ ዮርዳኖስ ወረደ። አዳም በአንዲት ዕለት የተቀበለውን መጠን፥ እርሱ አንድ ዓመት ስንኳ ሳይዘል፥ እያንዳንዱን ኖሮ ደረሰበት። አያትም መረጠ፤ እርስዋም ሐና ናት። ሐና በመካንነት ብዙ ዘመን ካለቀሰች በኋላ ያገኘቻትን አንዲት ልጅ በሦስት ዓመቷ ለቤተ መቅደስ ስትሰጥ (በየዓመቱ ታኅሣሥ 3 ቀን በበዓታ የምናከብረው ይህንኑ ነው)፥ ከሁሉ የሚጣፍጠውን፥ ልጅ በዓይን ፊት ሲያድግ የማየትን ደስታ ለእግዚአብሔር ሠዋች። እንዲህ ያለ መሥዋዕት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ፥ የሦስት ዓመት ልጅን ወሬ በየማለዳው የሰማች ሴት ታውቀዋለች።

አምላክ ራሱ ያልዘለለውን ዘመን እኛ ወደ ጐልማሳነት መተላለፊያ ብቻ አድርገን ልንቈጥረው አይገባም። ስለዚህ በትንሣኤ የተስፋው 30 እና 15 ዓመት፥ ያለፉትን ዓመታት አስወግዶ የሚመጣ ሳይሆን ሁሉን በውስጡ ይዞ የሚቆም ነው ብዬ አምናለሁ፤ የልጅ ልጄም በዚያ ቀን ያላየችውን የእኔን ልጅነት፥ የማታስታውሰውንም የራስዋን ሕፃንነት ከእግዚአብሔር እጅ ትቀበላለች። ከዚህ ወዲያ ያለው ለፈጣሪ የተተወ ምሥጢር ነው።

ለእኛ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የተሰጠን ሥራ አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ፥ የደቀ መዝሙሩን እምነት ሲያመሰግን አስቀድሞ የጠራው የአያቱን የሎይድን ስም፥ ቀጥሎም የእናቱን የኤውንቄን ነው፤ ሎይድ ምን እንደ ሠራች አልተጻፈም፥ ለልጅ ልጇ ያስተላለፈችው ግን ተቈጥሮላታል። እናንት እኅቶቼ አያቶች፥ በየቤታችሁ ያሉትን ልጆች አስቀምጣችሁ የክርስትና ስማቸውን፥ የተጠመቁበትን ደብር፥ የክርስትና እናታቸውንና አባታቸውን፥ የተናገሩትን የመጀመሪያ ቃል፥ ታምመው የዳኑበትን ሌሊት፥ ያሣቃቸውንና ያስፈራቸውን ነገር ንገሯቸው፤ መጻፍ የምትችሉ በደብተር ጻፉት፥ የማትችሉ ለሚጽፍ ሰው አጽፉት፤ ዓይናችሁ ሳይፈዝ፥ ልቡናችሁም ሳይዘነጋ ዛሬውኑ ጀምሩ።