ቁናና ኅሊና

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለው የቆየ ብሂል ስለ ጋብቻ የተሰጠ ምክር ይምሰል እንጂ፣ ከሥሩ የኅሊናን አወራረስ የሚመለከት ነው። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይወርሳል። የሥነ ልቡና ሊቁ አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ በ72 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ዐዋቂ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ካዩት ሕፃናት ብዙዎቹ ማንም ሳያዛቸው ያንኑ ድርጊት ደግመውታል።

ይሁን እንጂ መቅዳት ብቻውን ኅሊና አይባልም፤ ጥላም አካሉን ይከተላል። ኅሊና የሚነቃው ልጁ ወላጁን በራሱ በወላጁ መስፈሪያ መስፈር ሲጀምር ነው።

ማታ ማታ ልጇን «የሰው ገንዘብ አትንካ» እያለች የምትመክር፣ ቀን ቀን ገበያ ወጥታ እህል የምትቸረችር አንዲት ድኻ እናት ብትኖርና፣ ልጇ ከጎኗ ተቀምጦ «እማዬ፣ ቁናው ጎደለ እኮ» ቢላት፣ ያች ቅጽበት ከብዙ ዓመት ምክር ትበልጣለች። በቁጣ ዝም ብታሰኘው፣ እውነት ለቤት እንጂ ለገበያ እንደማትሆን ይማራል። ኀፍረቷን ውጣ፣ ገዢውን መልሳ ጠርታ የጎደለውን ብትሞላ ግን፣ ከእናቱም በላይ የሆነ መስፈሪያ መኖሩን በዐይኑ ያያል። ያ የተጨመረው እህል ለእራታቸው የታሰበ ሊሆን ይችላል፤ የትምህርቱም ክብደት እዚሁ ላይ ነው።

እንግዲህ ለልጅ አርአያ መሆን፣ እንከን አልባ መስሎ ከመታየት ይልቅ፣ ባስተማሩት በዚያው ቁና ለመሰፈር ፈቃደኛ ሆኖ መገኘት ነው።