የተማሪ ማዕድና ምርጫው

ተማሪ የሚበላውን ይመርጥ ዘንድ ይገባዋልን? በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በ2012 ዓ.ም. ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማብላት ከተጀመረ ወዲህ፥ ይህ ጥያቄ የብዙ ወላጆችና መምህራን ጥያቄ ሆኖአል። አንዱ ልጅ ይህ ይቅርብኝ፥ ሌላው ያ ይጨመርልኝ ይላልና።

የአብነት ተማሪ ግን ምርጫ አልነበረውም። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከየደጁ ያገኘውን ይቀበላል። እኔም በልጅነቴ በጣርማ በር እንዲሁ እለምን ነበር። አገሩ ብርዳም ደጋ ስለ ሆነ የሚበቅለው ገብስና ባቄላ ነው፤ ጤፍ ከሌላ አገር ተገዝቶ ይመጣል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት እናት የገብስ ቂጣቸውን ገምሰው እኩሌታውን ሰጡኝ። እኔ ግን ከሌላ ቤት የጤፍ እንጀራ አግኝቼ ነበርና፥ ጥቂት እልፍ ብዬ ቂጣውን ለውሻ ጣልሁት። ዘወር ስል እርሳቸው ከደጃቸው ቆመው ያዩኝ ነበር። ነገሩን ለየኔታ በነገርኋቸው ጊዜ አልገረፉኝም፤ በማግሥቱ ከዚያው ደጅ ሄጄ እንድለምን አዘዙኝ እንጂ። እኒያ እናትም እንደ ትናንቱ ገምሰው ሰጡኝ። ያን ቂጣ የበላሁት እያለቀስሁ ነው።

እንግዲህ መምረጥ ኀጢአት ነውን? አይደለም። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ የሚማሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ የንጉሡንም መብል ትተው ጥራጥሬና ውኃ መረጡ። ነገር ግን ማዕዱን አልረገጡም፤ ሹሙን በትሕትና ለምነው በዐሥር ቀን እንዲፈትናቸው ጠየቁ እንጂ። የእነርሱ ምርጫ ለሕሊና ነበረ፤ የእኔ ግን ለምላስ።

ስለዚህ በረቡዕና በዓርብ የጾም ምግብ የሚጠይቅ ተማሪ፥ ወይም ይህ ምግብ ያሳምመኛል የሚል ሕፃን፥ ቃሉ ሊሰማለት ይገባል። በጾም ቀን የፍስክ ምግብ ብቻ የሚያቀርብ መጋቢ ልጁን በረኃብና በሕሊናው መካከል ያቆመዋልና። ተማሪውም የማይበላውን ሳይነካ ለባልንጀራው ያሳልፍ፤ ላበሰለችለትም እናት ምስጋና አይንፈጋት። ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ምግብ ከመምረጣቸው በፊት የሰጪውን እጅ ማክበር አስተምሩአቸው።