የሰንበት እሳትና የቤንዚን ሞተር

በእስራኤል አገር በርኆቦት ከተማ፣ በቂርያት ሞሼ ሰፈር የሚኖሩ ቤተ እስራኤል፣ አባቶቻቸው በጎንደር ምድር ሳሉ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃውን አጥፍተው በሰንበት የቀዘቀዘ ምግብ ይበሉ እንደ ነበር የሚያስታውሱ፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ስለ እሳት የተደነገገው ሕግ በአውቶሞቢል ሆድ ውስጥም ይጸና እንደ ሆነ ቢጠይቁ የተገባ ነው።

ረቢዎች አስቀድሞ የተለኮሰ እሳት በሰንበት እንዲቆይ ይፈቅዳሉ፤ ታዲያ ዓርብ የተነሣ ሞተርስ? በካርቡራተር ዘመን አየሩ ቤንዚኑን እየሳበ ለየሲሊንደሩ ሳያስተካክል ስለሚያደርስ ነዲዱ ይዋልል ነበር፤ ዛሬ ግን ኮምፒውተሩ፣ በጭስ ማውጫው ያለው የኦክስጅን ሴንሰር በሚልከው ምልክት እየታረመ፣ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር እንዲደርስ ኢንጀክተሩን ስለሚያዝዘው፣ ነዲዱ ከዙር ዙር ጸንቶ አንድ ያልተቋረጠ እሳት ይመስላል። መምሰሉ ግን መሆን አይደለም። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ካንዴላዎቹ 6000 ጊዜ አዲስ እሳት ይለኩሳሉ፤ የፊተኛው ጠፍቷልና።

ለኳሹ ኮምፒውተሩ ነው የሚል ቢኖር (እንዲህ ያለው ብልጠት በየዘመኑ አይታጣም)፣ መሣሪያ ፈቃድ የለውም፤ ነዳጅ መስጫውን የሚረግጠው እግር የነጂው ነው። ስለዚህ በሰንበት መንዳት፣ በእኔ አስተያየት፣ እሳት መለኮስ ነው።