መግዛትና መሸጥ በእግዚአብሔር ፊት



ነቢዩ አሞጽ የገሠጻቸው ነጋዴዎች ሰንበትን የሻሩ ሰዎች አልነበሩም። በዓሉን ያከብሩ ነበር፤ ልባቸው ግን ሰንበቱ አልፎ ገበያው የሚከፈትበትን ሰዓት ይቈጥር ነበር። መስፈሪያውን አሳነሱ፣ ሚዛኑን አጣመሙ፣ ድኻውንም በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ገመቱት (አሞ. 8፥4-6)። ከዚህ የምንማረው፣ እግዚአብሔር ጸሎታችንን ብቻ ሳይሆን የሒሳብ መዝገባችንንም የሚመለከት መሆኑን ነው።

በዘመናችን «የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚባል አነጋገር ተስፋፍቷል። ትርጉሙ፣ አንድ ኩባንያ ለባለቤቶቹ ትርፍ ከማስገኘት አልፎ ለሠራተኞቹ፣ ለገዢዎቹ፣ ለአካባቢው ሕዝብና ለተፈጥሮ ተጠያቂ ነው ማለት ነው። ቃሉ አዲስ ቢመስልም አሳቡ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛው ስለ ተስማማ ብቻ ደመወዙ ፍትሐዊ እንደማይሆንና ለኑሮው ሊበቃው እንደሚገባ አስተማሩ። ቤነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በጻፉት መልእክት፣ መግዛት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ምንጊዜም የሥነ ምግባር ተግባር መሆኑን አስገነዘቡ። እንግዲህ ኃላፊነቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፤ የገዢውም ነው።

ይህ ትምህርት ምን ያህል የሰው ሕይወት እንደሚመለከት በባንግላዴሽ ታይቷል። በዋና ከተማዋ በዳካ አጠገብ፣ በሳቫር፣ ራና ፕላዛ በተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ አምስት የልብስ ፋብሪካዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ግድግዳው ተሰነጠቀ። ከታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ሰደደ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ወደ ሥራቸው እንዲገቡ ተገደዱ። በዚያው ጧት ሕንጻው ፈርሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ አስቀድሞ ለገዢ ኩባንያዎች በሚሠሩ መርማሪዎች ተፈትሸው ነበር፤ ፍተሻው ግን የሕንጻውን ጥንካሬ አልተመለከተም። ወረቀቱ ተሟልቶ ነበር፤ ግድግዳው ግን አልጸናም። በሳምንቱ፣ የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሟቾቹ በወር 38 ዩሮ ይከፈላቸው እንደነበር ጠቅሰው፣ ይህን የባርነት ሥራ ብለው ጠሩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ትምህርት ይሰጠናል። በብዙ አገሮች ገዢዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ልብሱን የሚያሠሩትን ኩባንያዎች አጥብቀው ጠየቁ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት ተፈረመ፤ ከጊዜ በኋላም ከ200 በላይ ኩባንያዎች ገቡበት። ነጻ መሐንዲሶች ፋብሪካዎቹን መረመሩ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ተገለጠ። ኩባንያዎቹ ለጥገናው ገንዘብ የሚገኝበትን መንገድ ለማመቻቸትና ሥራውንም ቸኵለው ከአገሪቱ እንዳያሸሹ ግዴታ ገቡ። ጥለው ቢወጡ ኖሮ ዳግመኛ የሚጐዱት በዚያው ሥራ እንጀራቸውን የሚያገኙት ሴቶች በሆኑ ነበር። የገዢ ጥያቄ የነጋዴን አሠራር ሊለውጥ እንደሚችል፣ ፍሬ የሚያፈራውም የቃል ኪዳን ወረቀት ሳይሆን አስገዳጅና ግልጽ ሥርዐት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ ምጽዋትን ከፍትሕ ጋር አናምታታ። ትምህርት ቤት ያሠራ፣ በበዓል ቀን ለችግረኞች ዱቄት ያከፋፈለ ድርጅት ይመሰገናል። ነገር ግን የሠራተኛውን ደመወዝ አጓድሎ ከዚያው ላይ ቢመጸውት፣ የሰጠው የራሱን አይደለም። የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ አስጠንቅቋል (ያዕ. 5፥4)።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ብዙ የገጠር ልጆቻችን በልብስ ስፌት ሥራ ገብተዋል። በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑንና በዚህ ሥራ ከታወቁት አገሮች ሁሉ ዝቅተኛ መሆኑን ገልጧል። ሥራ ማግኘታቸው በረከት ነው፤ ከቤት ኪራይና ከቀለብ የማያልፍ ደመወዝ ግን በረከቱን ያጐድለዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አሠሪ የሆንን፣ ደመወዝን በጊዜው እንክፈል፤ ለሠራተኛው ደኅንነት የሚወጣውንም ገንዘብ እንደ ኪሳራ አንቍጠር። ይህ ቃል የሚመለከተው ባለ ፋብሪካውን ብቻ አይደለም፤ የቤት ሠራተኛ የቀጠረውን ቤተሰብ፣ ዘበኛና ጽዳት ሠራተኛ ያላቸውን የቤተ ክርስቲያን ተቋሞቻችንንም ይመለከታል። ገዢ ስንሆን ደግሞ ርካሽነቱ ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ። በትልቁ ሱቅ የተለጠፈውን ዋጋ ሳንከራከር ከፍለን፣ በጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት ከምትሸጠው እናት ላይ ሳንቲም ለማስቀነስ አንሟገት።

ጌታ ወደ ዘኬዎስ ቤት በገባ ጊዜ ያ ባለጠጋ ለድኾች ከሀብቱ እኩሌታ ለመስጠት ቃል ገባ፤ በዚያ ብቻም አላበቃም፤ የበደለውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ተነሣ (ሉቃ. 19፥8)። መዳን ለዚያ ቤት የሆነው ምጽዋትና ፍትሕ አብረው በተገኙበት ቀን ነው። በሱቃችን፣ በመሥሪያ ቤታችንና በጓዳችን ይህንኑ እናደርግ ዘንድ የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ አማላጅነት ይርዳን። አሜን።