በስም ውስጥ የሚናገረው ማን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ኃላፊነቱን ከወላጅ ትከሻ አንሥቶ ለሰማይ ያስረክባል። ችግሩ የሚመጣው የአገራችንን የስም መዝገብ ገልጠን ማንበብ ስንጀምር ነው። በላቸው፣ ገላው፣ ጣሰው፣ ድፋባቸው፣ ናቃቸው፣ ደመላሽ... ይህን ሁሉ ያወጡት መላእክት ከሆኑ በሰማይ ቤት ሰላም የለም ማለት ነው። እኔ ግን መላእክቱን ከዚህ ነገር ነጻ ማውጣት እፈልጋለሁ። ስም የሚያወጣው ሰው ነው፤ ያውም የተደሰተ፣ ያዘነ፣ የፈራ፣ አንዳንዴም የተቆጣ ሰው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አንድ ነገር አስለምዳቸው ነበር። ግጥምም ሆነ ልብ ወለድ ሲያነቡ አስቀድመው «እዚህ ላይ የሚናገረው ማን ነው? ለማንስ ነው የሚናገረው?» ብለው እንዲጠይቁ። ይህንኑ ጥያቄ ወደ ስሞቻችን ሳዞረው አንድ ነገር ታየኝ። ብዙው የአማርኛ ስም ዐረፍተ ነገር ነው፤ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ተናጋሪ አለው። ደሳለኝ ሲባል ደስ ያለው ሕፃኑ አይደለም፤ አባቱ ወይም እናቱ ናት። ዓለማየሁ ሲባል ዓለሙን ያየው ወላጁ ነው። አንተነህና ጥሩነሽ ወላጅ ፊት ለፊት ለልጁ የሚናገራቸው ናቸው። ይበልጣልና ይግዛው ስለ ልጁ ለጎረቤት የሚነገሩ ናቸው። በላቸውና ገላው ደግሞ እንዲያው ደረቅ ትእዛዝ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ልጁ አንድም ጊዜ አይናገርም። ይነገርለታል፣ ይነገረዋል፣ ይታዘዛል። ታዲያ ሌላ ሰው በተናገረው ቃል እርሱ ባለዕዳ ነው ወይ?

ጥያቄው የሰዋስው ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ሐሙሲት ላይ ነው። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደራ ከተማ ናት። ስሟ ከሐሙስ የመጣ ነው፤ እዚያው ደራ ውስጥ ያለችው አርብ ገበያም እንዲሁ የቀን ስም ይዛለች። የከተማ ስም እንዲህ ሲሆን ጥሩ ነው። ማንንም አያዝም፣ ማንንም አይከስም።

እዚያ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ዐረፍ አሉ። ከወዴት እንደመጣሁ፣ ሥራዬም ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አስተማሪ እንደነበርሁ ስነግራቸው የልጅ ልጃቸውን ነገር አነሡልኝ። የልጁ አባት በእርሻ ድንበር ጠብ የተገደለው ልጁ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው። ሲወለድ አያቱ ራሳቸው ደመላሽ አሉት። አሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ስሜን እለውጣለሁ» ብሎ ቤቱን አናውጦታል።

«መምህር፣ አንተ የተማርህ ሰው ነህ» አሉኝ። «ስሙን ከለወጠው ልጄን ማን ያስታውሰዋል?»

«የገዳዩ ነገርስ እንዴት ሆነ፣ አባቴ?»

«ታርቀናል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣው ተከፍሎ፣ ደሙ ደርቋል።»

«ልጁ ለምን መለወጥ ፈለገ?»

ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ከዚያ ሰውዬ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ናቸው። ስም ሲጠራ ያኛው አንገቱን ይደፋል አለኝ» አሉ።

እንግዲህ ደም ደርቋል፤ ስሙ ግን አልደረቀም። በየጠዋቱ ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ያልበደለ ልጅ ይከሰሳል፣ አንድ ያልተጣላ ልጅ ደግሞ እንዲገድል ይታዘዛል። ለሽማግሌው መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ልቤ የቀረው «ካሣ» ባሉት ቃል ላይ ነበር።

ካሣ ለጠፋ ነገር የሚሰጥ ምትክ ነው። ሞት በገባበት ቤት ለሚወለድ ልጅም የተለመደ ስም ነው፤ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ እንደሚባለው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዙፋን የደረሱ ሁለት ሰዎች በዚህ ስም ነው ያደጉት። አንደኛው የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ ሁለተኛው የትግራዩ ካሣ ምርጫ። ሁለቱም ሲነግሡ ስማቸውን አኖሩት። ካሣ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተባለ። ካሣ ኃይሉ ደግሞ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተባለ። የሸዋው ሣህለ ማርያም ምኒልክ፣ የጎጃሙ አዳል ተሰማ ተክለ ሃይማኖት፣ ተፈሪ መኰንንም ኃይለ ሥላሴ ሆነው ነገሡ። «አባቱን ካደ» ያላቸው ሰው አልነበረም።

የቴዎድሮስ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፣ በፍትሕም ይገዛል የሚል ትንቢት ይዟል። በዘመነ መሳፍንት የመረረው ሕዝብ ይህን ስም ሲጠብቅ ኖሯል። ካሣ ይህን እያወቀ ነው ስሙን የወሰደው። ማንም አላስገደደውም። በዚህ ስም ውስጥ የሚናገረው አባቱም እናቱም አይደሉም፤ እርሱ ራሱ ነው። «የጠበቃችሁት እኔ ነኝ» አለ። ስለዚህ በራሱ ቃል ልንለካው መብት አለን። አገሩን አንድ ለማድረግ የደከመውን ድካም፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ለማሠራት የተጨነቀውን ጭንቀት በአንድ ወገን እናኖራለን። በሌላው ወገን በ1859 ዓ.ም. የተዘረፈችውንና የተቃጠለችውን ጎንደርን እናኖራለን። የፍትሕን ስም የወሰደ ሰው በፍትሕ ይጠየቃል። እርሱም ቢሆን ስሙን እንደ ቀልድ አልያዘውም፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጁን ከመስጠት ሞትን መረጠ።

አሁን ደግሞ ወደ ልጁ እንምጣ። ቴዎድሮስ ከእቴጌ ጥሩወርቅ የወለደውን ልጅ ዓለማየሁ አለው። በአማርኛ ዓለም ማለት ምድር ብቻ አይደለም፤ ደስታም ነው። «ዓለሜን አየሁ» የሚል ሰው ስለ ካርታ እየተናገረ አይደለም። አባት የተናገረው የደስታ ቃል ነበር። ልጁ ግን በሰባት ዓመቱ አባቱን መቅደላ ላይ አጣ፤ እናቱንም በዚያው ዓመት መንገድ ላይ አጣ። እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ በምትባል ከተማ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ ዊንድዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ሲጠየቅ የኖረ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በዙሪያው ያረፉትን ሳይረብሹ ማውጣት አዳጋች ነው በማለት ጥያቄውን አልተቀበለም። ይህን ልጅ «ስምህ ዓለማየሁ ነው፤ ዓለምህ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ጨካኝ ነው? ቃሉ የአባቱ ነበር።

ከዚህ አንድ ነገር መለየት የምንችል ይመስለኛል። የተሰጠን ስም የሰጪው ምኞት ነው፤ የመረጥነው ስም የራሳችን ቃል ኪዳን ነው። ለመጀመሪያው አክብሮት እንጂ ዕዳ የለብንም። ሁለተኛውን ግን መክፈል አለብን።

ነገሥታቱ ይህን ሁልጊዜ የተረዱት አይመስለኝም። የዙፋን ስማቸውን እስቲ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ፋሲል ዓለም ሰገድ፣ ቀዳማዊ ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ ታላቁ ኢያሱ አድያም ሰገድ ተባሉ። ግሡ በኃላፊ ጊዜ ነው፤ ገና ያልሰገደው ዓለም እንደሰገደ ተደርጎ ይነገራል። ልብነ ድንግል ሲነግሥ ወናግ ሰገድ ተባለ፤ አንበሳ የሰገደለት ማለት ነው ይባላል። ሲጠራበት የኖረው የልብነ ድንግል ትርጉም ግን የድንግል ዕጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሲሞት ከስደት ወደ ስደት ሲባረር የኖረ ንጉሥ ነበር። ሱስንዮስም ሥልጣን ሰገድ ተብሎ በሃይማኖት ጦርነት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለልጁ ለቀቀ። ዓለም በስም አይሰግድም።

ልብነ ድንግልን ያሳደደውስ? እርሱም የስም ትምህርት አለው። አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ይባል ነበር፤ አሕመድ በዐረብኛ እጅግ የተመሰገነ ማለት ነው። እኛ ያንን ትተን አንድ እጁን ስም አድርገን ግራኝ አልነው። የካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ በተባለ ቦታ ከተገደለ ይኸው አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እጁ ግን አሁንም ሕፃናት ማስፈራሪያ ነው። ሶማሌዎችም ጉሬይ ይሉታል፤ ትርጉሙ ያው ግራኝ ነው። እነርሱ ግን ሲሉት በኩራት ነው። ቃሉ አንድ፣ እጁም አንድ፤ የተለየው ተናጋሪው ነው። የተቃጠለበትን ቤተ ክርስቲያን የሚያስብ ሰው ቢከፋው አልፈርድበትም። ነገር ግን በስም ውስጥ ያለው ቁጣ የእኛ እንጂ የሰውየው ጠባይ አለመሆኑን ማወቅ ይገባናል።

ደግ ምሳሌም አለ። ጣይቱ ማለት ፀሐይ ማለት ነው፤ ያገሬ ገበሬ ዛሬም «ጣይ ወጣች» ይላል። የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነበር። በ1882 ዓ.ም. ንግሥና ስትቀባ የወሰደችው የክብር ስም ብርሃን ዘኢትዮጵያ ነው። ወላጅ ፀሐይ ብሎ የተመኘላትን እርሷ ብርሃን ብላ ተቀበለችው። ከዚያም አልፋ አዲስ አበባን ስም አወጣችላት። የተሰጠንን ምኞት ወድደን ስንቀበለው ያኔ የራሳችን ይሆናል። ቁም ነገሩ «ወድደን» የሚለው ላይ ነው።

ሐሙሲት ላይ ለተቀመጡት ሽማግሌ ይህን ሁሉ አልዘረዘርሁላቸውም። ሁለት ነገር ብቻ ነው ያልኋቸው። አንደኛ፣ «ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ምን ተባለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። «እንግዲያው ሲቆርብ የሚጠራው በዚያ ነው፤ እግዜር ደመላሽ የሚባል ሰው አያውቅም» አልኋቸው። ፈገግ አሉ። ሁለተኛው የጥያቄያቸው መልስ ነበር። እኛ አገር የአባት ስም ከልጁ ስም ቀጥሎ ይጠራል። ልጁ የፈለገውን ስም ቢይዝ፣ በመዝገብም በዲፕሎማም በሠርግ ጥሪም ላይ የአባቱ ስም ከኋላው ይከተላል። «ልጅዎ የሚታወሰው በዚያ ነው፤ ለመታወስ ሌላ ደም አያስፈልገውም» አልኋቸው። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ብዙ ቆዩ። «አንተስ ብትሆን ማን ትለው ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ። እኔ ሳልሆን ልጁ ይንገርዎት አልኋቸው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ ዐውቃለሁ። ደመላሽ ዝም ብሎ የመጣ ስም አይደለም። ዳኛ ሩቅ በሆነበት፣ ምስክር በሚፈራበት አገር ስም የድኻ የክስ መዝገብ ነው። ፍትሕ ያጣ ሰው አቤቱታውን የሚጽፍበት ወረቀት ሲያጣ በልጁ ላይ ይጽፈዋል። ይህን ሰው መናቅ አይገባም፤ መጀመሪያ የበደለው ልጁን ደመላሽ ያሰኘው ነው። ሆኖም ልጅ ወረቀት አይደለም። ወረቀት ተጽፎበት ይቀመጣል፤ ልጅ ግን ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከማን ጋር አንድ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ አናውቅም።

ይህን የምጽፈው ለታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት በብዙ ሰው ደጃፍ ገብቷል። አባታቸውን ሳያዩ የተወለዱ ልጆች አሉ፤ ዛሬም ይወለዳሉ፣ ዛሬም ስም ይወጣላቸዋል። ስም የሚያወጣ ሰው እንዳያዝን፣ እንዳይቆጣ ማድረግ አይቻልም። አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ግን መለመን ይቻላል። ይህን ዐረፍተ ነገር የምናገረው እኔ ነኝ፤ የሚከፍልበት ማን ነው?

ሞት በገባበት ቤት ለተወለደ ልጅ ደመላሽ ማለት ይቻላል፤ ካሣ ማለትም ይቻላል። ሐዘኑ አንድ ነው። በአንደኛው ስም ሲጠራ ግን አንድ የሌላ ሰው ልጅ አንገቱን ይደፋል።