በሁለት እይታ አንድ ፈቃድ

ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጓሳ የሚጓዝ መንገደኛ ሣሩንና ጭላዳውን ያያል እንጂ የራሱን ጀርባ ከቶ አያይም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስካይሪም የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ግን ይህን ለፍጡር ያልተሰጠ እይታ ለተጫዋቹ አድሎታል፤ አንዲት ቁልፍ ሲነካ በጨዋታው ጀግና ዓይን ያያል፣ ደግሞ ሲነካ ከኋላው ሆኖ ይከተለዋል። በጀግናው ዓይን የገባ ሰው ሰይፍ ሲመዝ «እኔ» ይላል፤ ከኋላ ሲቆም ግን ኅሊና በሥጋ ሥራ ላይ እንደሚመሰክር ሁሉ ምስክር ብቻ የሆነ ይመስለዋል። ጨዋታው የእይታውን ምርጫ ለተጫዋቹ ቢተውለትም፣ የጥንት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ግን ጻድቁን ከነሁለት ዓይኑ፣ ዓመፀኛውን በጎኑ በአንድ ዓይን ሲሥሉ ፍርዱን ለተመልካቹ አልተዉለትም ነበር። በጨዋታው ዓለም የፈሰሰውን ደም ማን አፈሰሰው ቢሉኝ፣ እይታው ቢለዋወጥም ፈቃዱ አንድ ነውና፣ ተጫዋቹ ነው እላለሁ።